የማራካናው ደም

የእንግሊዝ የእግር ኳስ ማኅበር በ1863 ዓ.ም. በሎንዶን ተመሥርቶ የጨዋታውን ሕግጋት በጽሑፍ ባወጣ ጊዜ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ዳኛ አንድም አንቀጽ አላኖረም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች በታላላቅ ትምህርት ቤቶች ያደጉ የባለጸጎች ልጆች ነበሩና፣ በሜዳ ላይ ጭቅጭቅ ቢነሣ የሁለቱ ወገን አለቆች ተነጋግረው ይጨርሱታል፣ ጨዋ ሰውም ሐሰት ተናግሮ ጨዋታ አያሸንፍም ብለው ያምኑ ነበር። እንዲያውም በዚያው ዓመት የተነሣው ታላቁ ክርክር የዛሬ ተመልካች ቢሰማው የሚደነቅበት ነው፤ የብላክሂዝ ክለብ ሰዎች የተቃራኒን ቅልጥም በጫማ መምታት በሕግ ቢከለከል ጨዋታው ወንድነቱን ያጣል ሲሉ ተሟገቱ፣ ባልተሳካላቸውም ጊዜ ማኅበሩን ትተው ወጡ፣ በኋላም ከራግቢ ጨዋታ ማኅበር መሥራቾች ጋር ተቈጠሩ። ቅልጥሙን ተመትቶ ዝም ማለት የጨዋነት ምልክት በሆነበት በዚያ ዘመን፣ ሳይመቱት የሚጮኽ ሰው የሚስቅበት እንጂ የሚፈርድለት ባላገኘም ነበር።

ነገር ግን ጨዋታው ከባለጸጎች ልጆች እጅ ወጥቶ በሰሜን እንግሊዝ በሚገኙት የፋብሪካ ከተሞች በሠራተኛው ሕዝብ ዘንድ ተስፋፋ፤ በ1885 ዓ.ም. ለተጫዋች ደመወዝ መክፈል ተፈቀደ፤ ከዚያም ወዲህ ማሸነፍ ክብር ብቻ መሆኑ ቀርቶ እንጀራም ሆነ። በግብ አጠገብ የደረሰን አጥቂ ጠልፎ መጣል ወይም ኳሱን በእጅ መመለስ እንደ ብልሃት መቈጠር በጀመረ ጊዜ፣ በአየርላንድ በአርማ አውራጃ ሚልፎርድ በተባለች መንደር የሚኖር፣ ቤተሰቡ የተልባ እግር ጨርቅ ፋብሪካ የነበረው ዊሊያም ማክረም የተባለ በረኛ፣ እንዲህ ያለው ጥፋት በግብ ፊት በሚመታ ምት ይቀጣ ዘንድ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ መጀመሪያ ብዙ ቢነቀፍም ጁን 2 ቀን 1891 ዓ.ም. በግላስጎው ከተማ በተደረገው ጉባኤ ጸደቀ፤ ይህም ዛሬ ፍጹም ቅጣት ምት የምንለው ነው። ኮሪንቲያን ይባል የነበረው የጨዋ ልጆች ቡድን፣ ሕጉ እኛን እንደ ወንበዴ የሚጠረጥር ነው ብሎ ተቈጥቶ፣ በላዩ ቅጣት በተፈረደበት ጊዜ በረኛው ከግቡ ቋሚ ተጠግቶ ምቱን ሳይከላከል ይመለከት፣ ለራሱ በተፈረደለትም ጊዜ ኳሱን ወደ ውጭ ይሰድ እንደ ነበረ ይነገርለታል።

በዚያው በ1891 ዓ.ም. ከየወገኑ ተመርጠው ይፈርዱ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ወደ መስመር ወጥተው፣ ቀድሞ በዳር ተቀምጦ ሁለቱ ያልተስማሙበትን ብቻ ይቈርጥ የነበረው ሦስተኛው ሰው ወደ ሜዳው መካከል ገባ፤ በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ከተጫዋቾች አቤቱታ ሳይጠብቅ በዓይኑ ያየውን ሁሉ የመፍረድ ሙሉ ሥልጣን ተሰጠው። እንደኔ አስተያየት የሐሰተኛው አወዳደቅ ታሪክ መነሻ እዚህ ላይ ነው። የተጫዋቾቹ ጠባይ በአንድ ሌሊት ስለ ከፋ አይደለም፤ አንድ ግብ የሚያህል ዋጋ ያለው ፍርድ በአንድ ሰው ዓይን ላይ በተንጠለጠለ ጊዜ፣ ያን ዓይን ማታለል ዋጋ ያለው ሥራ ስለ ሆነ ነው።

የሆነ ሆኖ ሕማም ማስመሰል ገና ብዙ ዘመን ሳይለመድ ቈየ፤ ምክንያቱም ተቀያሪ ተጫዋች የሚባል ነገር በዚያ ዘመን አልነበረምና፣ ተጐድቻለሁ ብሎ ከሜዳ የወጣ ሰው ቡድኑን በዐሥር ሰው ያስቀረው ነበር። እግሩ የተሰበረ እንኳ ቢሆን ወደ ክንፍ ተገፍቶ እያነከሰ እንዲቆም ይደረግ ነበር። ሜይ 5 ቀን 1956 ዓ.ም. በዌምብሌ በተደረገው የእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ምርኮኛ ሆኖ ወደ እንግሊዝ አገር የመጣው ጀርመናዊው የማንቸስተር ሲቲ በረኛ በርት ትራውትማን፣ ጨዋታው ሊፈጸም ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው በበርሚንግሃሙ አጥቂ በፒተር መርፊ እግር ላይ ተወርውሮ ኳሱን ሲያድን አንገቱን ተመታ። ወጌሻው ውሃ ረጭቶ አነሣው፤ እርሱም እየተንገዳገደ፣ አንገቱን በእጁ እየደገፈ፣ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ድረስ ግቡን ጠበቀ፤ ቡድኑም 3 ለ 1 አሸነፈ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ራጅ በተነሣ ጊዜ የአንገቱ አጥንት ተሰብሮ ተገኘ፤ ከሞት ያመለጠውም ለጥቂት ነበር። በጀግንነቱ መደነቅ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ያን ቀን በግቡ ያቆመው ድፍረቱ ብቻ ሳይሆን በእርሱ ፈንታ የሚገባ ሌላ በረኛ አለመኖሩም እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

ተቀያሪ በእንግሊዝ ሊግ በ1965፣ በዓለም ዋንጫ ደግሞ በ1970 ዓ.ም. በሜክሲኮ ተፈቀደ። በዚያው በሜክሲኮ፣ የእንግሊዙ ዳኛ ኬን አስተን ያሰባቸው ቢጫና ቀይ ካርዶች ለመጀመሪያ ጊዜ በዳኞች ኪስ ገቡ። ሁለቱም መልካም ሐሳቦች መሆናቸውን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው መውደቅ የሚያስከፍለውን ዋጋ ቀነሰው፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመውደቅ የሚገኘውን ትርፍ አበዛው፤ ከእንግዲህ ወዲህ በብልሃት የወደቀ ሰው የቅጣት ምት ብቻ ሳይሆን የባላጋራውንም ከሜዳ መባረር ሊያተርፍ ቻለ። ከአራት ዓመት በኋላ በሙኒክ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጀርመናዊው በርንት ሆልዘንባይን በሆላንድ ግብ ፊት ወድቆ ያስገኘው ፍጹም ቅጣት ምት እስከ ዛሬ ድረስ ሆላንዶችን ያንገበግባቸዋል።

የዚህ ሁሉ ነገር ጫፍ የታየው ግን በ1989 ዓ.ም. በደቡብ አሜሪካ ነው። በጣሊያን ለሚደረገው የ1990 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ብራዚልና ቺሌ በአንድ ምድብ ተገናኝተው፣ በኦገስት ወር በሳንቲያጎ ባደረጉት ጨዋታ 1 ለ 1 ተለያዩ፤ በዚያም ቀን ተመልካቹ ሁከት በማድረጉ ፊፋ ቺሌን ቀጥቶ ቀጣዩን ጨዋታዋን ከቬነዙዌላ ጋር በገዛ ሜዳዋ ሳይሆን በአርጀንቲና በሜንዶሳ ከተማ እንድታደርግ አዘዘ። የተመልካች ጥፋት በቡድን ላይ ቅጣት እንደሚያመጣ ቺሌዎች ይህን ትምህርት በገዛ ራሳቸው ላይ ከተማሩ አንድ ወር ሳይሞላ ነበር ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ የተጓዙት። ሴፕቴምበር 3 ቀን በማራካና ስታዲየም ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ተሰብስቧል። ብራዚል እኩል ቢወጣ እንኳ ያልፋል፤ ቺሌ ግን የግድ ማሸነፍ አለባት። ከዕረፍት መልስ ካሬካ ግብ አስቈጠረና ብራዚል 1 ለ 0 መራ።

የቺሌ በረኛ ሮቤርቶ ሮሃስ ይባል ነበር፤ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው፣ በችሎታው ኮንዶር በተባለው በአገሩ ታላቅ አሞራ ስም የተጠራ፣ በዚያም ጊዜ በብራዚሉ በሳኦ ፓውሎ ክለብ የሚጫወት ነበር። ጨዋታው ሊፈጸም ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቀረው፣ በመርከብ ላይ ለአደጋ ምልክት የሚተኰስ ርችት ከተመልካች መካከል ተወርውሮ ከበረኛው በስተኋላ ወደቀ፤ ጢሱም አካባቢውን ሸፈነው። ሮሃስ ፊቱን ይዞ ተንከባለለ። ጓደኞቹ ሮጠው በደረሱ ጊዜ ግንባሩ በደም ተለውሶ አገኙት፤ ቃሬዛም ሳይጠብቁ ተሸክመውት ወጡ፣ እንዲህ ባለ ሜዳ አንጫወትም ብለውም አልተመለሱም። አርጀንቲናዊው ዳኛ ሁዋን ካርሎስ ሉስታው ጨዋታውን አቋረጠ። ርችቱን የወረወረችው የሃያ አራት ዓመት ሴት ተያዘች፤ በአንድ ምሽት ስሟ በብራዚል ሁሉ ታወቀ፣ ሥዕሏም ውሎ አድሮ በመጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ቢቀር ኖሮ፣ ከዓለም ዋንጫ ቀርቶ የማያውቀው ብራዚል ከጣሊያኑ ውድድር ሊወገድ፣ ወይም ጨዋታው በገለልተኛ ሜዳ እንደ ገና ሊደረግ ይችል ነበር። የቴሌቪዥን መሣሪያዎች ኳሱን ይከተሉ ስለ ነበር ርችቱ የት እንደ ወደቀ በግልጽ አላሳዩም። ነገር ግን ከሜዳው ዳር ሪካርዶ አልፊዬሪ የተባለ አርጀንቲናዊ ፎቶግራፍ አንሺ ቆሞ ነበርና፣ ያነሣቸው ሥዕሎች በታጠቡ ጊዜ ርችቱ ሰውየውን ሳይነካው ከኋላው አንድ ሜትር ያህል ርቆ እንደ ወደቀ ታየ። እሳት ያልነካው ግንባር እንዴት ደማ? ፊፋ ጉዳዩን መርምሮ ጨዋታው በብራዚል አሸናፊነት 2 ለ 0 እንዲመዘገብ፣ ሮሃስ ዕድሜ ልኩን ከእግር ኳስ እንዲወገድ፣ ቺሌም ከ1994 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እንድትከለከል ፈረደ። አሠልጣኙ ኦርላንዶ አራቬና፣ ቡድኑን ከሜዳ ይዞ የወጣው ተከላካይ ፌርናንዶ አስቴንጎ፣ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንትና የቡድኑ ሐኪም ጭምር ተቀጡ።

በ1990 ዓ.ም. ሮሃስ ላ ተርሴራ ለተባለው የቺሌ ጋዜጣ ኑዛዜውን ሰጠ፤ በጓንቱ ውስጥ ምላጭ ደብቆ እንደ ገባ፣ አጋጣሚውም በተገኘ ጊዜ ግንባሩን በገዛ እጁ እንደ ቈረጠ አመነ። ይህ ሰው ከሌሎቹ አስመሳዮች የሚለይበት ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ሌሎቹ የሌለ ሕማም አሳይተው ይጮኻሉ፣ እርሱ ግን ሐሰቱን እውነት ለማስመሰል እውነተኛ ደም አፈሰሰ፣ ጠባሳውም የማንም ሳይሆን የራሱ ሆኖ ቀረ። ትራውትማን የተሰበረ አንገቱን ሸሽጎ ቆመ፤ ሮሃስ በሙሉ ጤናው ራሱን አቍስሎ ወደቀ። ሁለቱም በረኞች፣ ሁለቱም በታላቅ ጨዋታ ላይ ነበሩ፤ በመካከላቸው ያለፉት ሠላሳ ሦስት ዓመታት ግን የሰውን ጠባይ ሳይሆን የመውደቅን ዋጋ ለውጠውት ነበር ለማለት እደፍራለሁ።

የቅጣቱ ሸክም ግን በበደለኞቹ ላይ ብቻ አላረፈም። ኢቫን ዛሞራኖ በሪያል ማድሪድ ዝናው በገነነበት ዘመን ለ1994 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እንኳ አገሩን ወክሎ ሊሰለፍ አልቻለም፤ ቺሌ ወደ ዓለም ዋንጫ የተመለሰችው በ1998 ዓ.ም. ነው። ሮሃስን ከውርደቱ በኋላ ሥራ ሰጥቶ ያሳደረው ደግሞ፣ ነገሩ የሚያስገርም ቢሆንም፣ ያው ሊያታልለው የተነሣበት የብራዚል አገር ነበር፤ በሳኦ ፓውሎ ክለብ በረኞችን አሠለጠነ፣ ፊፋም በ2001 ዓ.ም. ምሕረት ካደረገለት በኋላ በ2003 የዚያው ክለብ ዋና አሠልጣኝ ሆነ።

ከማራካና በኋላ የመጡት ነገሮች በአመዛኙ ከዚህ ያነሱ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ያስቃሉ። ጀርመናዊው ዩርገን ክሊንስማን በ1994 ዓ.ም. ወደ ቶተንሃም በመጣ ጊዜ እንግሊዞች አስመሳይ ነው ብለው በጥላቻ ጠብቀውት ነበር፤ እርሱ ግን በመጀመሪያ ጨዋታው በሼፊልድ ግብ ካገባ በኋላ በደረቱ በሣሩ ላይ ተንሸራትቶ በራሱ ስም ቀለደበት፣ ጓደኞቹም ተከትለውት ተንሸራተቱ፣ በዓመቱ መጨረሻም እነዚያው የሰደቡት ጋዜጠኞች የዓመቱ ተጫዋች ብለው መረጡት። የክሮኤሺያው ስላቬን ቢሊች ድርጊት ግን ሳቅ አልነበረበትም፤ ጁላይ 8 ቀን 1998 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የፈረንሳዩ ሎራን ብላን እጅ በነካው ጊዜ ግንባሩን ይዞ ወደቀ፣ ብላንም በቀይ ካርድ ተባርሮ አገሩ በገዛ ሜዳዋ ብራዚልን 3 ለ 0 ያሸነፈችበትን ፍጻሜ በተመልካችነት አሳለፈው።

በተከታዩ ዓመት በ1999 የሕግጋቱ ጉባኤ፣ ዳኛን ለማታለል ማስመሰል በማንኛውም የሜዳ ክፍል ቢደረግ በቢጫ ካርድ እንዲቀጣ በግልጽ ደነገገ፤ የጨዋታው ሕግ መጀመሪያ ከተጻፈ መቶ ሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ድንጋጌው ያስፈራው ሰው ብዙ አይመስልም። ጁን 3 ቀን 2002 ዓ.ም. በኮሪያ በኡልሳን ከተማ ቱርካዊው ሃካን ኡንሳል ንዴት ይዞት የመታው ኳስ የብራዚሉን የሪቫልዶን ጭን መታው፤ ሪቫልዶ ግን ፊቱን ይዞ ወደቀ፣ ኡንሳልም ተባረረ። ፊፋ የፈረደው ቅጣት 11,670 የስዊስ ፍራንክ ብቻ ነበር፤ ያን የከፈለው ሰው በወሩ መጨረሻ የዓለም ዋንጫን በእጁ አነሣ።

በ2018 ዓ.ም. በሩሲያ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ቫር የተባለው በቪዲዮ የታገዘ ዳኝነት ሲጀመር፣ አልፊዬሪ በአንድ ቀን ዕድል ያደረገውን ሥራ መሣሪያ ሁልጊዜ የሚያደርገው ሆነ፤ በሴንት ፒተርስበርግ ኔይማር በኮስታሪካ ግብ ፊት ወድቆ ያገኘውን ፍጹም ቅጣት ምት ሆላንዳዊው ዳኛ ብዮርን ኩይፐርስ ምስሉን ተመልክቶ ሻረው። ይሁንና መሣሪያው በዋናነት የሚመረምረው ግብን፣ ፍጹም ቅጣት ምትን፣ ቀይ ካርድንና የተሳሳተ ሰው መቀጣትን ነው፤ በሜዳ መካከል ጕልበቱን ይዞ ሰዓት የሚገድለውን ሰው አይነካውም። ለዚህኛው የተገኘው መድኃኒት፣ በሜዳ ላይ ወጌሻ የታከመ ተጫዋች ጨዋታው እስኪቀጥል ድረስ ወደ ውጭ እንዲወጣ ማድረግ ነው፤ በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ በ2023 ሠላሳ ሰከንድ በውጭ እንዲቈይ ተደነገገ። ሕጉ ከዚህ ግዴታ በረኛን ነፃ አድርጎታል፤ ግብ ያለ ጠባቂ አይቀርምና። ስለዚህም በዛሬው ጨዋታ ቡድኑ በተጨነቀ ጊዜ በረኛው ከመሬት ተቀምጦ እግሩን ያሻል፣ ወጌሻ ቦርሳውን ይዞ ይገባል፣ ዐሥሩ ጓደኞቹ ደግሞ ወደ መስመሩ ሄደው አሠልጣኙን ከበው ምክር ይሰማሉ፤ ዳኛውም ሰዓቱን እያየ ይጠብቃል።