የምጣድ ዕዳ፤ ከጉልቻ እስከ ቆጣሪ

ስለ አገራችን ኢኮኖሚ ሲጻፍ ስለ እርሻው፣ ስለ ንግዱ፣ ስለ መንገዱና ስለ ግድቡ ብዙ ይባላል፤ ስለ ምጣዱ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ምጣድ የጓዳ ዕቃ በመሆኑ ከሒሳብ መዝገብ የሚገባ ጉዳይ አይመስልም። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ከሚጠቀምበት ኃይል ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው በእንጀራ ጋገራ እንደሚያልቅ በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ አመልክተዋል። ስለዚህ የምጣድን ታሪክ መመርመር የአገሪቱን የኃይል ታሪክ ዋና ክፍል መመርመር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው አንድ ነጥብ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ኃይል በየትኛውም ዘመን በነፃ ተገኝቶ አያውቅም። ዘመን በተለወጠ ቁጥር የተለወጠው ዕዳውን የሚከፍለው ወገን ነው። በመጀመሪያ ደኑ ከፈለ፤ ቀጥሎም የሴቲቱ ጀርባና የእርሻው አፈር ከፈሉ፤ በመጨረሻም ዕዳው ወደ ኤሌክትሪክ መሥመሩ ተሻገረ።

የጤፍ አገር ምድጃ

ደብረ ወርቅ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣና ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። የእነርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማና የጥንታዊቷ የደብረ ወርቅ ማርያም መቀመጫ ናት። በስተምዕራቧ የጮቄ ተራራ፣ በስተምሥራቋ የዓባይ ሸለቆ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው የተዘረጋው ምድር በጤፍ አብቃይነቱ የታወቀ ነው። እንዲህ ባለው አገር ገበሬው ለምጣዱ የሚሆን እህል ሲያመርት ለምጣዱ የሚሆን ማገዶ የሚበቅልበትን መሬት ያርሳል። የእህሉ ማሳ በሰፋ ቁጥር ዱሩ ይጠባል፤ ብዙ ጤፍ ያለው ቤት ብዙ እንጨት ያለው ቤት አይሆንም። በጎጃም ገጠር የቀድሞው ዛፍ ዓይነት ዛሬ በብዛት የሚታየው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ውስጥ መሆኑም የዚሁ ሽሚያ ምስክር ነው።

በአማርኛችን ሦስት ጉልቻ መመሥረት ማለት ትዳር መያዝ ማለት ነው። በጉልቻው ላይ የሚጣደው የሸክላ ምጣድ አግድመቱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። እንጀራው ዐይን አውጥቶ እንዲበስል የምጣዱ ፊት ከዳር እስከ ዳር ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጋል ይኖርበታል። ሸክላ ደግሞ ሙቀትን ቀስ ብሎ የሚቀበል ነገር ነው። ከሥሩ የሚነድደው እሳት በጎን በኩል ክፍት ስለሆነ አብዛኛው ሙቀት ከጭሱ ጋር ወደ ጣራው ይወጣል፤ ከማገዶው ሙቀት ውስጥ ለሊጡ የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም።

ባለሙያዋ ሴት ይህን ሳትማር ታውቀዋለች። ምጣዱን ለማጋል የሚጠፋው ማገዶ ለአንድ እንጀራም ለሃያ እንጀራም ያው መሆኑን ስለምትረዳ በየቀኑ አትጋግርም፤ ሊጡን በቡሃቃ አቡክታና አብሲት ጥላ ታቆይና በአንድ ቀን የብዙ ቀን እንጀራ ታወጣለች። አክንባሎው እንፋሎቱን አፍኖ የእንጀራውን ፊት ያበስላል፤ በተረፈው ፍም ደግሞ ሽሮው ይንተከተካል። እነዚህ ሁሉ የማገዶ ቁጠባ ዘዴዎች ናቸው። ሆኖም ቁጠባው የጉልቻውን ብክነት ያቃልላል እንጂ አያጠፋውም።

ደኑ የከፈለው

የማገዶ ዕዳ በጉልህ የታየው አስቀድሞ በነገሥታቱ ከተማ ነበር። በቀድሞው ዘመን የነገሥታት ሠፈር ከቦታ ወደ ቦታ እንዲዛወር ከሚያስገድዱት ምክንያቶች አንዱ በአካባቢው ያለው እንጨት ማለቁ ነበር። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም ብዙ ሳትቆይ ይኸው ዕጣ ደረሰባት። የእንጦጦና የአካባቢው እንጨት ስለተመናመነ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከተማውን ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። አዲስ አበባን በቦታዋ ያጸናት በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። የዚህ ዛፍ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። የአንድ መንግሥት መቀመጫ በማገዶ ምክንያት ሊነቀል ሲል በማገዶ ዛፍ ተተከለ ማለት ይቻላል።

ነገር ግን የባሕር ዛፉ ደን ለከተማው ዕዳውን አልሰረዘለትም፤ ለሌላ አሸከመው። ከእንጦጦ ተራራ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ ከ30 ኪሎ በላይ ሸክም በጀርባቸው አዝለው ወደ ከተማው የሚወርዱት ሴቶች ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአዲስ አበባን ምጣድ ያነደዱ ናቸው። የድካማቸው ዋጋ በማንኛውም የኃይል ሚኒስቴር በጀት ውስጥ አልተጻፈም።

በጎጃምም የደኑ ታሪክ ከዚህ የተለየ አልነበረም። በደንበጫ አካባቢ በአየር ፎቶግራፍ ላይ ተመሥርቶ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው በ1957 (እ.ኤ.አ.) ከመሬቱ 27 ከመቶ የነበረው የተፈጥሮ ደን በ1982 ወደ 2 ከመቶ፣ በ1995 ደግሞ ወደ 0.3 ከመቶ ወርዷል። ይህ ሁሉ በማገዶ ብቻ የሆነ አይደለም፤ ዋናው ምክንያት የእርሻው መስፋፋት ነው። ለምጣዱ ግን ውጤቱ ያው ነው። የአንድ ሰው ዕድሜ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ እናት እንጨት የለቀመችበት ቦታ ለልጅቱ ማሳ ሆኖ ጠበቃት።

አፈሩ የከፈለው

እንጨት ሲጠፋ ተራው የኩበት ይሆናል። በእርሻ አገር ፍግ የመሬቱ ምግብ ነው፤ ከከብቱ ወደ ማሳው፣ ከማሳው ወደ ሰብሉ፣ ከሰብሉ ገለባም ወደ ከብቱ ይመላለሳል። ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ይህ ዑደት ይቋረጣል። ኬኔት ኒውኮም በ1984 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ባንክ በኩል ስለ ኢትዮጵያ ያቀረበው ጥናት ፍሬ ነገሩ ይኸው ነበር፤ በገጠር ዛፍ መትከል የሚያዋጣው ለእንጨቱ ብቻ ሳይሆን ኩበቱ ወደ ማሳው ተመልሶ ለሚያስገኘው ተጨማሪ እህል ጭምር እንደሆነ አስረዳ። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና የዓለም ባንክ በጋራ ያወጡት የኢትዮጵያ የኃይል ዘርፍ ግምገማም የቤት ማገዶን ከአገሪቱ ዋና ዋና የኃይል ችግሮች መካከል መደበው።

ከዚህ አንጻር የደብረ ወርቅን ገበሬ ማየት ይጠቅማል። በደጁ ባሕር ዛፍ ይተክላል፤ ዛፉ ግን ለአጣናና ለምሰሶ ገበያ ስለሚፈለግ ጥሬ ገንዘብ ያመጣለታል። ስለዚህ ዛፉን ሸጦ ኩበቱን ያነድዳል። በእጁ ካለው ገንዘብ አንጻር ውሳኔው ትክክል ነው። ሆኖም ዛሬ ምጣዱን ያጋለው ኩበት ከመጪው ዓመት ጤፍ ላይ የተቀነሰ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ራሱ ገበሬው ቢሆንም መዝገቡ ላይ «የምርት መቀነስ» እንጂ «የማገዶ ወጪ» ተብሎ አይጻፍበትም።

ምጣዱ መሥመር ላይ ሲወጣ

ኤሌክትሪክ በአገራችን ለረዥም ጊዜ የብርሃን ጉዳይ ነበር፤ ድርጅቱንም ሕዝቡ «መብራት ኃይል» ብሎ መጥራቱ ይህንኑ ያሳያል። በ1920ዎቹ በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ጣቢያ ተሠራ። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. ቆቃ 43.2 ሜጋዋት ይዞ ሥራ ጀመረ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ለጎጃም ቅርብ የሆነው የጢስ ዓባይ ጣቢያ በ11 ሜጋዋት ገደማ ተከተለ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲመጣ የብርሃኑ ሥርዓት ያልጠበቀው እንግዳ መጣበት። አሠራሩ ቀላል ነው። በሸክላው ጀርባ ጠመዝማዛ ቦይ ተቦርቡሮ የማሞቂያ ሽቦ ይዘረጋበታል፤ በጀሶ ይደፈናል፤ ከዚያም በቆርቆሮ አካል ላይ ይቀመጣል። በየመንደሩ ባሉ አነስተኛ ሥራ ቤቶች የሚሠራ ስለሆነ ከባሕላዊው ሸክላ አልራቀም፤ ከሙቀቱም ግማሽ ያህሉን ለሊጡ ያደርሳል። ችግሩ የሚስበው ኃይል ነው። አንድ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይፈልጋል፤ ይህም ባለ 60 ዋት አምፖል ቢሆን 58 አምፖል በአንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። ቆቃ በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ እንኳ በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው 12 ሺህ ያህል ምጣድ ብቻ ነበር። ለአምፖል የታቀደ ሽቦና ትራንስፎርመር በጋገራ ሰዓት ቢደክም፣ ቆጣሪ የሚጋሩ ጎረቤታሞች በምጣድ ቢጨቃጨቁ፣ ቤት አከራዮችም «ምጣድ አይፈቀድም» ቢሉ የሚያስገርም አይሆንም።

የገንዘቡን ሒሳብ በምሳሌ እንመልከት። ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ቢበራ በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ይህንኑ እንጀራ በጉልቻ ለመጋገር አምስት እጥፍ ሙቀት ያስፈልጋል፤ አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል ብንል የወሩ ማገዶ ቢያንስ 50 ኪሎ ይሆናል። ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. ባልተለወጠው ታሪፍ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓቶች ዋጋ እያንዳንዳቸው 27.3 ሳንቲም ነበሩ፤ ስለዚህ የምጣዱ የወር ሒሳብ ብቻውን ከ12 ብር ከ30 ሳንቲም አይበልጥም ነበር።

ይህ ዋጋ ለተጠቃሚው ርካሽ ነበር፤ ወጪው ግን ርካሽ አልነበረም። የሌላው ዕቃ ዋጋ ሲወጣ ታሪፉ ባለበት በቆመባቸው ዓመታት ልዩነቱን የተሸከሙት የመንግሥት ካዝና፣ ያረጀው መሥመርና መብራት ሲጠፋ ሊጡ የሚኮመጥጥባት እመቤት ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ለብዙ የፍጆታ እርከኖች ከፍ ማለት ጀመረ፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህም በየሩብ ዓመቱ ለአራት ዓመታት የሚቀጥል ጭማሪ ታውጇል። በሌላ አነጋገር ዕዳው ከካዝናው ወደ ቆጣሪው እየተመለሰ ነው።

ጉልቻው ሲለወጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ለወጡ ጣዕም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለማገዶው ግን አይደለም። በ1980ዎቹ በመንግሥት የኃይል ጥናት ባለሙያዎች የተዘጋጀው «ምርጥ» የተባለ ምድጃ ይህን በተግባር አሳይቷል። ምድጃው ከሲሚንቶና ከቀላል ጠጠር በሻጋታ ተሠርቶ የሚገጣጠም ሲሆን እሳቱን ዙሪያውን ይከብበዋል፤ የሚወጣውንም ትኩስ አየር የወጥ ድስት ወደሚጣድበት ቀዳዳ ይመራዋል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ወጪ ወደ ግማሽ ያወርዳል። ጭሱን መቀነሱም ቀላል ነገር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ወደ 3.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ከቤት ውስጥ ጭስ የተነሣ ሞተዋል።

ታዲያ እንዲህ ያለው ምድጃ ከየቤቱ ለምን አልገባም? መልሱ ከመዝገቡ ጉዳይ አይርቅም። የምድጃው ዋጋ በጥሬ ገንዘብ ከቤቱ ከረጢት ይወጣል፤ ጥቅሙ ግን የሴቲቱ የመንገድ ሰዓት፣ ዐይኗና ሳንባዋ ነው። አንዱ ወገን ከፍሎ ሌላው ወገን በሚያርፍበት ነገር ላይ፣ የሚያርፈው ወገን ድካም በብር ካልተተመነ፣ ግዢው ሁልጊዜ ለከርሞ ይተላለፋል።

ከባለሙያው የሚጠበቀው

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህን ቁጥር በምጣድ መንዝረን እንየው። የግድቡ ሙሉ ኃይል በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው ወደ 1.5 ሚሊዮን ምጣድ ነው፤ የአገሪቱ ቤተሰብ ግን ከ20 ሚሊዮን በላይ ነው። በሌላ በኩል 20 ሚሊዮን ቤተሰብ ከላይ በምሳሌው እንደተባለው በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም የዓመቱ ድምር 10.8 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ግድቡ በዓመት እንዲያመነጭ የታቀደው ደግሞ ከ15 ቢሊዮን በላይ ነው። እንግዲህ ጋገራው በአንድ ሰዓት ቢደራረብ አይቻልም፤ በሳምንቱ ቀናትና ሰዓታት ቢከፋፈል ግን ከአንድ ግድብ ምርት ባልበለጠ ይቻላል።

በዚህ ምክንያት ለሙያ ማኅበራችን አባላት የቀረበው ጥያቄ ምን ያህል ይመንጭ የሚል ብቻ አይደለም። ሸክላው እንዴት ይሳሳ፣ ሙቀቱ እንዴት ይታፈን፣ ምጣዱ በጋለ ጊዜ ኃይሉን በራሱ የሚቀንስ መቆጣጠሪያ እንዴት በርካሽ ይሠራ፣ በሌሊትና በቀትር ለሚጋገር እንጀራ ታሪፉ እንዴት ይለይ የሚሉት ከግድቡ ያላነሱ የምህንድስና ሥራዎች ናቸው። የኃይል ብቃት ደረጃም በወረቀት መውጣቱ ብቻ አይበቃም፤ ምጣድ በሚሠራበት በእያንዳንዱ ሥራ ቤት መፈተሽ አለበት። መሥመሩ ገና ላልደረሰበት የገጠር ቤት ደግሞ የተሻለው ምድጃ ለነገ የማይባል መፍትሔ ነው።

የደብረ ወርቅ ሴት በምጣዱ ዙሪያ የፈጸመችውን ቁጠባ ከእርሷ በላይ ልናስተምራት አንችልም። እርሷ ያልቻለችው ብቻዋን የተሸከመችውን ዕዳ ወደ አገር ሒሳብ ማስገባት ነው። ያን ማድረግ የእኛ ድርሻ ነው፤ በሚቀጥለው የኃይል ዕቅድ ሠንጠረዥ ውስጥም «የእንጀራ ጋገራ» የሚል የራሱ መስመር ሊኖረው ይገባል።