የጣና ካርታ የተሳለው በስንት ወር ነው?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። ማስተካከያም ይቅርታም አለበት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው ወር አንድ የ1683 ካርታ ከሳተላይት ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ እዚሁ ገጽ ላይ ለጥፌ ነበር። የሉዶልፍ ካርታ ነው። እዚያ ላይ ጣና ከዛሬው ገዝፎ ይታያል። «ሐይቃችን ምን ያህል እንደሸሸ ተመልከቱ» ብዬ ጻፍኩበት። ብዙ ሰው አጋራው፣ እኔም ደስ አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁንዝላ ያለው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ደወለ። ከሐይቁ ዳር ሽምብራ የሚዘራባት ቁራጭ መሬት አለችው፤ እነሱ ባሕር ሸሽ የሚሉት ዓይነት። በመሬቷ ጉዳይ ክርክር ላይ ናቸው። አንዱ ስልኩን አውጥቶ የእኔን ጽሑፍ አሳይቶ «ይኸው፣ የገዛ እህትህ ልጅ መሬቱ የሐይቁ ነው ብሏል» አለው አሉ። አጎቴ ግን አልተቆጣኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ልጄ፣ ያ ካርታ የተሳለው በስንት ወር ነው? በግንቦት ነው በመስከረም?»

መልስ አልነበረኝም። እዚህ ቆሰበር ቁጭ ብዬ ካርታዎቹን እንደገና ማየት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። ጀርመን አገር ሆኖ ነው የጻፈው፤ የቋንቋና የታሪክ መምህሩ የነበሩት አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ናቸው። የካርታው መነሻ ግን ከእሱ በፊት እዚህ የነበሩት የኢየሱሳውያን ሥራ ነው። ከእነሱ አንዱ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ግሽ ዓባይን አይቷል። ሌላው፣ ማኑኤል ደ አልሜይዳ፣ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን እንዴት እንደሚዞር በካርታ አሳየ። ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሰዎቹ ርቀትን የሚገምቱት በጉዞ ቀን ነበር፤ ኬንትሮስን በትክክል መለካትም በዚያ ዘመን አይቻልም። ስለዚህ ሐይቁ እዚያ ላይ የገዘፈው ውሃው ስለበዛ አይደለም። ለሳዩ ትልቅ ነገር ስለነበረ ነው። እንዲህ ያለ ካርታ ሐይቁ የት እንዳለና ምን ተብሎ ይጠራ እንደነበር ይነግረናል (እነሱ የደንቢያ ሐይቅ ይሉት ነበር)። ስፋቱን ግን አይነግረንም። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

የሚታመን ልኬት የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የመጣውም በምክንያት ነው፣ ካርታ እኮ ዝም ብሎ አይሳልም። በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በፈረሙት ውል ጣናና ዓባይ አሉበት። ግብፅንና ሱዳንን የያዘችው እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ ትፈልግ ነበር። በ1920 እና 1921 የእነሱ አጥኚዎች መጥተው ሐይቁን ለኩ። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ በ1927 አሜሪካ ሄደው ከአንድ የኒውዮርክ ኩባንያ ጋር ስለ ግድቡ ተነጋገሩ።

ከሁሉም ለእኛ የሚቀርበው ግን ቺዝማን ነው። ከ1925 ጀምሮ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ የተቀመጠው ዳንግላ ነበር፣ እዚሁ ጎረቤታችን! ከዳንግላ እየተነሳ የሐይቁን ዳርቻና ደሴቶቹን ዞረ፣ የዓባይንም ጉዞ ተከተለ፤ መጽሐፉን በ1936 አሳተመ። ከዚያ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት የአውሮፕላን ፎቶ ተነሳ፣ ከ1972 ወዲህ ደግሞ ሳተላይት አለ። ጎን ለጎን ማስቀመጥ የሚያስኬደው እነዚህን ነው።

እነሱም ቢሆኑ የአጎቴን ጥያቄ መመለስ አለባቸው። ጣና በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። ክረምት ሲያልቅ ይሞላል፣ በግንቦትና ሰኔ ይጎድላል። አንድ ሜትር ተኩል ምን አላት እንዳትሉ። የእኛን ዘንገና ታውቁታላችሁ፤ ጥልቀቱ 166 ሜትር ገደማ ነው፣ ዳሩም ገደል። እዚያ ውሃው አንድ ሜትር ቢወርድ ካርታው ላይ ምንም አይታይም። ጣና ግን ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተዘርግቶ፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዘንገና እንስራ ነው፣ ጣና ሰፌድ ነው። ሰፌድ ላይ ያለ ውሃ ትንሽ ሲጎድል ዳሩ ሩቅ ይሸሻል፤ በተለይ በፎገራና በደንቢያ ሜዳ። የመስከረምን ካርታ ከግንቦት ፎቶ ጋር ያነጻጸረ ሰው የጠፋ ሐይቅ ያያል።

ታዲያ ምንም አልተለወጠም? ተለውጧል እንጂ። በ1996 ጨረጨራ ላይ የውሃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በ2003 ሐይቁ መለካት ከጀመረ ወዲህ ታይቶ ወደማያውቅ ዝቅታ ወረደ፣ ጀልባዎች ቆሙ፣ ውሃው የለቀቀው ቦታ ታረሰ፣ ብዙ ደንገልም ጠፋ። ከቁንዝላ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ተቃራኒው አለ፦ ግልገል ዓባይ ደለል እያመጣ መሬቱን ወደ ሐይቁ ውስጥ ይገፋል። የድሮውንና የአሁኑን ፎቶ ስታዩ የወንዙ አፍ እንደ ወፍ እግር ወደ ውሃው ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ።

ያ አፈር ከየት መጣ? ከሰከላ፣ ከእኛ ከአገው ምድር ተራሮች ነው። ሐይቁ የሸሸበት ቦታ አለ፤ እኛ አፈራችንን ልከን ያባረርነውም ቦታ አለ። በቅርብ ዓመታት ፋግታ ለኮማ ገበሬው በዲከረንስ ዛፍ ተራራውን መልሶ ሲያለብስ የሳተላይት ፎቶው ያንንም ይዞታል። የታችኛውን ዳርቻ ለማወቅ የላይኛውን ተራራ ማየት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ለአጎቴ መልሼ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ያ ካርታ ስለ መሬትህ ምንም አይናገርም፤ ተሳስቻለሁ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና እንዲህ አለኝ፦ «እኔ ግን ልናገር። በልጅነቴ እዚያ ቦታ ደንገል አጭደን ታንኳ እንሠራበት ነበር። ውሃው ሲሄድ ዘራሁ። ሲመለስ ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

ከ1683ቱ ካርታ ይልቅ ይቺ ንግግር የበለጠ ማስረጃ ናት። ለእሱ ባትጠቅመውም ተናገራት። ክርክሩ እስካሁን አላለቀም።

ስለዚህ ያንን የቆየ ጽሑፌን ያጋራችሁ፣ እባካችሁ ይሄንንም አጋሩ። የዘንገና፣ የጥርባ ወይም የጣና የድሮ ፎቶ ቤታችሁ ካለ ደግሞ አባቶቻችሁንና እናቶቻችሁን ጠይቁና ከጀርባው ቦታውንና ዓመቱን ጻፉበት። ወሩንም አትርሱ።

ቸር ይግጠመን።