የአማርኛ ፊደል ከጽሕፈት መኪና እስከ ኮምፒዩተር

የአንድ ሕዝብ ጽሕፈት ወደ መሣሪያ ሲገባ፣ መሣሪያው ለፊደሉ ይታዘዛል ወይስ ፊደሉ ለመሣሪያው? ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ከአማርኛ ታሪክ አንጻር ይመረምራል።

በላቲን ፊደል ለሚጻፉ ቋንቋዎች እንኳ ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። የፈረንሳይኛ ጸሐፊ በአናባቢ ላይ ምልክት ለመደረብ፣ ወረቀቱን ወደ ፊት የማያስኬድ ልዩ ቁልፍ አስቀድሞ ይመታል፤ ከዚያም ፊደሉን ያስከትላል። የአማርኛ ችግር ግን ከዚህ የሰፋ ነው። 33ቱ ሆሄያት በ7 ሲባዙ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ቁጥሩ ያድጋል። የጽሕፈት መኪና ደግሞ በሁሉም ቁልፎቹ ከ100 የማይበልጡ ምልክቶችን ይይዛል። ስለዚህ ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ፈልሳፊዎች ብዙ ደክመዋል። የኦሊቬቲ ኩባንያ ያቀረባቸው የአማርኛ መኪናዎችም የሆሄውን አካልና የአናባቢውን ቅጥያ ለየብቻ እየመቱ ፊደሉን ያሟሉ ነበር። ሥራው ተቃና፤ የፊደሉ መልክ ግን ተጎዳ። ፊደሉ ራሱ ይቀነስ ለሚለው የቆየ ክርክርም መኪናው አንድ ምክንያት ሆኖ ቀረበ።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ጥበቱ በሌላ መልክ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የወጣው አስኪ የተባለው የምልክቶች መለያ 128 ቦታ ብቻ ነበረው። የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ፕሮግራሞች ሆሄያቱን በላቲን ፊደላት ቦታ፣ እያንዳንዱም በራሱ አመዳደብ ስላስገቡ፣ በአንዱ የተጻፈው ሰነድ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ይሆን ነበር።

መፍትሔው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የዩኒኮድ 3ኛ እትም 345 የኢትዮጵያ ምልክቶችን አካተተ። ለእያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ አደራደሩም የፊደል ገበታውን ተከተለ። ለምሳሌ ከለ እስከ ሎ 7 ተከታታይ ቦታ ይዘው፣ 8ኛው ለሏ ሆነ። ዛሬም ጸሐፊው በአብዛኛው ሁለት ቁልፍ መምታቱ አልቀረም፤ ይሁን እንጂ የሚቀመጠው አንድ ሙሉ ሆሄ ነው።

ይህ ድል ግን በመምህራንና በዕቅድ አውጪዎች ላይ አዲስ ኃላፊነት ጥሏል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ቢሆኑም በኮምፒዩተር ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ስሙ በአንድ መዝገብ «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሀይሉ» ተብሎ የተጻፈ ተማሪ ለመሣሪያው ሁለት ሰው ነው፤ በስም ዝርዝርም ተራራቆ ይገኛል። በአራት ነጥብ ምትክ የላቲን ሁለት ነጥብ ደጋግሞ መምታትም መሣሪያው የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ እንዳይለይ ያደርገዋል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ቀድሞ በደብተር ላይ በቀይ እርማት ያበቃ የነበረው የአጻጻፍ ጉድለት ዛሬ የተማሪን ማስረጃ እስከ መሰወር ሊደርስ እንደሚችል ነው። ስለሆነም የተማሪው ስም በመጀመሪያው ምዝገባ በተጻፈበት ሆሄ እስከ መጨረሻው እንዲጸና ማድረግ፣ የሞክሼ ሆሄያትንና የሥርዓተ ነጥብን ትምህርትም ከኮምፒዩተር ጽሕፈት ጋር አጣምሮ መስጠት ተገቢ ይሆናል።