የሐረጎ ቁልቁለትና የፊት ጎማ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር ርቀት ሹፌሩ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥቶ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ፣ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ኮምቦልቻ ይገባል። በየስልኩ በሚዘዋወሩት የውጭ አገር ቪዲዮዎች የሚታየውን መኪና፣ ማለትም የኋላ ጎማው ሰፊ፣ የፊቱ ግን ቀጭን የሆነውን፣ ለዕለት መንገድ ልሥራ የሚል ሰው ካለ በቅድሚያ ይህን ቁልቁለት ያስብ።

ያ ቅርጽ ታሪክ አለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የካሊፎርኒያ ወጣቶች በደረቁ ሐይቆችና በአውሮፕላን ማኮብኮቢያዎች ላይ በፍጥነት ይወዳደሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ዋሊ ፓርክስ ናሽናል ሆት ሮድ አሶሲዬሽንን መሠረተ። የውድድሩ ርቀት ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ሲሆን መንገዱ ሜዳና ቀጥ ያለ ነው። ኃይሉ ሁሉ ወደ ኋላ ጎማ ስለሚሄድ የፊቱ ሥራ አቅጣጫ መያዝ ብቻ ነበር። ስለዚህ ቀጭንና ቀላል አደረጉት፤ የብስክሌት የሚመስል ባለሽቦ ቸርኬ የገጠሙም፣ የፊት ፍሬኑን ጨርሰው ያወለቁም ነበሩ። ለማቆም የኋላ ፍሬን፣ ቆይቶም ፓራሹት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከፊት የተዘረጋ ባዶ ሜዳ ነበራቸው።

በዚያው ዓመት፣ በ1943 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመች። የዓለም ባንክ ለመንገድ የሚውል 5 ሚሊዮን ዶላር አበድሮ ነበር። ካሊፎርኒያ ከቆመበት ቶሎ ለመነሣት ሲጨነቅ፣ እዚህ ጭንቀቱ ጭነት ይዞ ተራራ መውረድ ነበር።

ወሎ ይህን ጭንቀት ቀድሞ ያውቀዋል። የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ያዘ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ማርሻል ባዶሊዮ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ጠበቀው፤ ያ ሁሉ ሞተር ቆሞ በሰው ጉልበት መንገድ እስኪጠገን ጠበቀ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው ከአምስት ዓመት በኋላ ሲባረር መንገዱና የጋራዡ ቋንቋ ቀሩ። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

ቀጥሎ የፊያት ዘመን መጣ። ኤን ትሬ የሚባለው ፊያት ተሳቢውን አስከትሎ ከአሰብ በሚሌና በባቲ ኮምቦልቻ ይደርስ ነበር። አሰብ በ1990 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ ኮምቦልቻ የዚያ መስመር በር ነበረች። የዚያ ዘመን ሹፌሮች ሕግ አጭር ነበር፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዜሮ ማድረግ ክልክል ነው፤ ፍሬን ከጋለ አይዝምና።

ሕጉ ዛሬም አልተሻረም። መኪና ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይወድቃል። በሜዳ እንኳ ከማቆሙ ሥራ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚሠሩት የፊት ጎማዎች ናቸው፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ድርሻቸው ይጨምራል። መታጠፊያ ላይም መሪው የሚያዘው እነሱን ነው። ለውድድር የተሠራ ቀጭን ጎማ ግን የተቀረጸው በዝቅተኛ ሸክም ቀጥ ብሎ ለመንከባለል ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ፣ አምስት ሰው ጭኖ፣ ሐረጎ መታጠፊያ ላይ ድንገት ፍሬን ቢያዝ ከተሠራበት ዓላማ ውጭ ነው። አንዳንዱ ቀጭን ቸርኬ ደግሞ የመኪናውን የፊት ፍሬን ስለማያስገባ በትንሽ ፍሬን ካልተተካ አይገጠምም። ያን ጊዜ የሚቀንሰው መያዣውም ማቆሚያውም ነው።

«ባጃጅስ? የፊቱ አንድ ቀጭን ጎማ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ባጃጅ ግን ሲሠራ ጀምሮ ክብደቱ፣ ፍጥነቱና ፍሬኑ ለዚያ ጎማ ተመጥነዋል። ትልቁ የጭነት መኪናም ከኋላ ድርብ፣ ከፊት ነጠላ ጎማ ነው፤ ያም ተሰልቶ ነው። ችግሩ ቅጥነቱ ላይ አይደለም፤ ለአንድ ሥራ የተሰላን መኪና ግማሹን ብቻ ለሌላ ሥራ መቀየር ላይ ነው።

ነገሩ የወጣቶች ፋሽን ብቻ ተደርጎ እንዳይታለፍ። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ ያለው መኪና ረጅም ዕድሜ ይነዳል፤ ጎማውም በልክ ሳይሆን በተገኘው ይተካል። ለማማር የሚገጠመውም ሌላ ስለታጣ የሚገጠመውም ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ልዩነት የላቸውም።

መፍትሔው ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ለምሳሌ 88 ኤች የሚል ምልክት ጎማው 560 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም፣ በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር እንደሚችል ይናገራል። ጎሚስታው ከመግጠሙ በፊት፣ መርማሪውም ቦሎ ከመስጠቱ በፊት ይህን ቁጥር አምራቹ ካዘዘው ጋር ያስተያዩ። የደቂቃ ሥራ ነው። ቀጭኑን ጎማ የሚወድ ደግሞ ለውድድር በተከለለ ሜዳ ላይ ይንዳው። ሐረጎ ላይ ከፊት የተዘረጋ ባዶ ሜዳ የለም፤ መታጠፊያና ከታች የሚወጣ የሕዝብ ማመላለሻ ነው ያለው።