‘ፀሐይ’፦ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራችው ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን

‘ፀሐይ’ ወይም በሌላ ስሟ ‘ኢትዮጵያ 1’ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርታ የበረረች፣ አንድ ሞተርና ሁለት መቀመጫ ያላት ቀላል አውሮፕላን ናት። ስሟን ያገኘችው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። በፋሺስት ጣልያን ወረራ ወቅት ከአገር ተወስዳ ወደ ዘጠኝ አሥርት ዓመታት የሚጠጋ ጊዜ በባዕድ ምድር ቆይታለች። የጣልያን መንግሥት ለኢትዮጵያ የመለሳት በጥር 2016 ዓ.ም. ነው።

የኢትዮጵያ ሰማይ አውሮፕላን የለመደው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ብቻ ቀደም ብሎ ነበር። በፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ የተነዳችው ፖቴዝ 25 አዲስ አበባ ያረፈችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ‘ፀሐይ’ን የመሥራቱን ሥራ የመራው የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ሲሆን፣ ኢትዮጵያውያንም አብረውት ሠርተዋል።

የንድፉ መነሻ ኦስትሪያዊው ኤሪሽ ማይንድል ያወጣው የአነስተኛ አውሮፕላን ንድፍ እንደሆነ የአቪዬሽን መዛግብት ይጠቅሳሉ። 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ደግሞ የቼኮስሎቫኪያው ዋልተር ኩባንያ ምርት ነበር። ይህ ኃይል በባሕር ጠለል አቅራቢያ ለሁለት ሰው ከበቂ በላይ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ ነዳጁን የሚያቃጥልበት አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ በተቀራራቢ መጠን ይቀንሳል፤ ክንፎቹም አውሮፕላኗን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይሻሉ፤ መንደርደሪያውም ይረዝማል። ‘ፀሐይ’ የበረረችው ለአነስተኛ አውሮፕላን እጅግ ፈታኝ በሆነ ስፍራ ነው።

ለውጊያ ግን አልነበረችም። ጎረቤት ኬንያ የዱር እንስሳትን ከአየር ለመጠበቅ እንደምትጠቀምባቸው ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላኖች፣ የዚህ ዓይነቶቹ ለቅኝት፣ ለሥልጠናና መልእክት ለማድረስ የሚመቹ ናቸው። የጣልያንን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ልትገዳደር የምትችልበት አንዳች መንገድ አልነበረም። አዲስ አበባ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ስትያዝ እርሷም የምርኮ ዕቃ ሆነች። በኋላም ከሮም ወጣ ብሎ በብራቻኖ ሐይቅ ዳርቻ፣ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የጣልያን አየር ኃይል ሙዚየም ለእይታ ቀረበች። የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ሲመለስ እንኳ ‘ፀሐይ’ እዚያው ቀርታለች። ስሟን የሰጠቻት ልዕልት በለንደን ነርስነት ተምራ በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነቷ ያረፈች በመሆኗ ይህን ሁሉ አላየችም።

ንድፉ ከኦስትሪያ፣ ሞተሩ ከቼኮስሎቫኪያ፣ ዋና ሠሪው ከጀርመን ከሆነ አውሮፕላኗ ኢትዮጵያዊት ልትባል ትችላለችን? ዛሬ ክፍሎቻቸው ተዘጋጅተው በሣጥን የሚሸጡና በገዢው እጅ የሚገጣጠሙ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላኖች በበዙበት ዘመን ጥያቄው ሕግ ወጥቶለታል። በአሜሪካ አንድ አውሮፕላን ‘በግለሰብ የተሠራ’ ተብሎ እንዲመዘገብ ከሥራው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ግለሰቡ ራሱ ማከናወን አለበት። ሞተሩን ከየት እንደገዛ አይጠየቅም። በዚህ መለኪያ ወሳኙ የንድፉ ወይም የሞተሩ ምንጭ ሳይሆን ሥራው የተሠራበት እጅ ነው፤ ‘ፀሐይ’ን ኢትዮጵያዊት ማለትም ማጋነን አይሆንም።

ከእርሷ ወዲህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1970ዎቹ ማብቂያ የአሜሪካውን የእርሻ መርጫ አውሮፕላን አግ-ካት ከመጡ ክፍሎች እየገጣጠመ ‘እሸት’ የሚል ስም ሰጥቶታል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ባለሙያው አስመላሽ ዘፈሩ ከአዲስ አበባ ወጣ ብላ በምትገኘው አለም ገና በራሱ ወጪ የሠራትን ‘ኬ-570ኤ’ ለማብረር ሞከረ። ፊደሏ የእናቱን የኪሮስን ስም፣ ቁጥሩ ሥራው የፈጀውን ቀን ያመለክታል። የአየር መቅዘፊያው መያዣ በመሰበሩ ግን አውሮፕላኗ ሳትነሳ ቀረች። በወቅቱ በርካታ መገናኛ ብዙኃን ‘አገር ውስጥ የተሠራች የመጀመሪያዋ አውሮፕላን’ ብለዋት ነበር፤ ‘ፀሐይ’ በዚያን ጊዜ ጣልያን ውስጥ በሙዚየም ነበረች።