ከኦፕራሲዮን በኋላ ያለው ማዕድ፤ ክብደትን ለመቀነስ ስለሚደረገው ቀዶ ሕክምና ታሪክ

የሕክምና ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ገጽ የሚይዘው ቢላዋ የጨበጠው ሐኪም ነው፤ በሽተኛው ከአልጋው ተነሥቶ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ምን እንደበላ፥ እንዴትስ እንደኖረ የሚተርክልን ጥቂት ነው። ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ለመቀነስ የሚደረገው ኦፕራሲዮን ታሪክ ግን በዚህ ዓይነት ሊጻፍ አይችልም። ኦፕራሲዮኑ የሚፈጀው ጥቂት ሰዓት ነው፤ መልካም ወይም ክፉ መሆኑ የሚታወቀው ግን በማዕድ ላይ ነው፥ ያውም ከብዙ ዓመት በኋላ። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው፥ በዚህ የሕክምና ክፍል የተገኘው ትልቁ እርምጃ የመጣው ከእጅ ጥበብ ይልቅ በሽተኞችን ለረጅም ዘመን ከመከታተል መሆኑን ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን የጀመሩት ስለ ውፍረት ያላሰቡ ሐኪሞች ናቸው። ቴዎዶር ቢልሮት በ1881 በቪየና ከተማ፥ ካንሰር ከያዛት ከአንዲት ሴት ጨጓራ የታመመውን ክፍል ቆርጦ ቀሪውን ከአንጀት ጋር በማገናኘቱ ስሙ ገነነ፤ ሴትዮዋ ግን ከአራት ወር ገደማ በኋላ በዚያው በሽታ ሞተች። ከዚያ ወዲህ የጨጓራ ቁስል የነበረባቸው ብዙ ሰዎች ከጨጓራቸው ከፊሉ እየተቆረጠ ታከሙ። ቁስሉ ቢድንላቸውም አንዳንዶቹን ሌላ ችግር ገጠማቸው፤ ይኸውም በተለይ ጣፋጭ ነገር በበሉ ጊዜ ልባቸው በኃይል ይመታል፥ ላብ ያጠምቃቸዋል፥ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፥ ራሳቸውንም ያዞራቸዋል። ምክንያቱ፥ ምግቡ በጨጓራ ቆይቶ ጥቂት በጥቂት መውረዱ ቀርቶ በአንድ ጊዜ ወደ ትንሹ አንጀት መዘርገፉ ነው። ብዙዎቹም ከሱ። በዚያ ዘመን ይህ የኦፕራሲዮኑ ጉድለት ሆኖ ይቆጠር ነበር፤ ጉድለቱን ለሕክምና ሊጠቀምበት የሚችል ሰው የተገኘው ዘግይቶ ነው።

ለውፍረት ተብሎ የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገውም በጨጓራ ላይ ሳይሆን በአንጀት ላይ ነበር። በ1954 ክሬመን፥ ሊነርና ኔልሰን የተባሉ የሚኒሶታ ሐኪሞች በውሾች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ከትንሹ አንጀት የታችኛው ክፍል ከምግብ መንገድ ሲወጣ ሰውነት ከምግቡ ውስጥ ስቡን መውሰድ ይሳነዋል የሚል ነበር። ቀጥሎም ፔይንና ደዊንድ የተባሉ የሎስ አንጀለስ ሐኪሞች አንጀትን የማሳጠሩን ዘዴ በወፍራም ሰዎች ላይ ሞከሩት፤ በ1969 ባወጡት ጽሑፍ እንደሚታየው የትንሹ አንጀት የመጀመሪያ 35 ሴንቲ ሜትር ከመጨረሻው 10 ሴንቲ ሜትር ጋር ይሰፋ ነበር። የሰው ትንሽ አንጀት በአማካይ ስድስት ሜትር ያህል መሆኑን ለሚያስብ ሰው፥ ለምግቡ የቀረለት መንገድ ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ ይገባዋል።

ይህ ኦፕራሲዮን ለበሽተኛው የሰጠው ተስፋ እጅግ የሚያጓጓ ነበር፤ እንዳሻህ ብላ፥ የበላኸው በሰውነትህ አይቀርም የሚል ነበርና። ሚዛኑም ይህን አረጋገጠ፤ ሰዎቹ በብዙ ኪሎ ቀነሱ። ዕዳው ግን ቀስ እያለ መጣ። ተቅማጡ ከቤት የማያስወጣ ሆነ። ያልተፈጨው ስብ በአንጀት ውስጥ ካልሲየሙን ስለሚይዘው፥ በካልሲየም ታስሮ መውጣት የነበረበት ኦክሳሌት የሚባለው ነገር ወደ ደም ገባ፤ ከዚያም በኩላሊት ጠጠር ሠራ። የመገጣጠሚያ ሕመም የያዛቸው ነበሩ። ከሁሉ የከፋው የጉበት መበላሸት ነበር፤ በዚህም የሞቱ አሉ። ብዙዎች እንደ ገና ተከፍተው አንጀታቸው ወደ ቀድሞው ቦታ ተመለሰ፤ ክብደታቸውም አብሮ ተመለሰ። በ1980ዎቹ ዓመታት ዘዴው ተተወ። እነዚያን ሐኪሞች ዛሬ ተቀምጦ መውቀስ ቀላል ነው። በእኔ አስተያየት ግን ስሕተታቸው መድፈራቸው አይደለም፤ የሚዛኑን ቁጥር የፈውስ ምስክር አድርገው መቀበላቸውና፥ የተከታዮቹ ዓመታት መዝገብ ሳይኖር ኦፕራሲዮኑ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ መደረጉ ነው።

በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኤድዋርድ ሜሰን ከላይ የተነገረውን የጨጓራ ቁስል በሽተኞች መክሳት አስተውሎ ነበር። በ1966 ከኢቶ ጋር ሆኖ ጨጓራውን ለሁለት ከፈለ፤ ምግብ የሚገባበት የላይኛው ትንሽ ኪስ ብቻ ከአንጀት ጋር ተያያዘ፥ ታችኛው ሳይወጣ በቦታው ቀረ። ሐሞት ወደ ኪሱ እየወጣ ስላስቸገረ በ1977 ግሪፈን የአንጀቱን አሰፋፍ ለወጠው፤ በ1994 ደግሞ ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ በጥቃቅን ቀዳዳዎች መሥራት እንደሚቻል ዊትግሮቭና ክላርክ አሳዩ። ከዚያም ወዲህ ጨጓራን በቁመቱ ቆርጦ እንደ ቱቦ የማጥበቡ ዘዴ ተስፋፋ። ስለ እጅ ሥራው ይህ ይበቃል።

በአዲሱ መንገድ የተለወጠው በላተኛው ነው። የዛሬው ኪስ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ከአንድ የቡና ስኒ ያንሳል። በመጀመሪያ ቀናት ውሃና ቀጭን ሾርባ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣል፤ ቀጥሎ የላመ፥ ከዚያ ለስላሳ ምግብ ይመጣል፤ ወደ ተለመደው ምግብ የሚደረሰው በሁለተኛው ወር አካባቢ ነው። ጉርሻው ትንሽ፥ ማኘኩ ረጅም ሊሆን ይገባል። ምግብና መጠጥ አብረው አይወሰዱም፤ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ይመከራል። ስኳር የበዛበትን የወሰደ፥ የድሮዎቹን የጨጓራ ቁስል በሽተኞች ላብና ማዞር ያገኘዋል። ጡንቻ እንዳይሟሽሽ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ የቪታሚንና የማዕድን ክኒን ደግሞ እስከ ዕድሜ ልክ ነው።

ስለ ክኒኑ ጥቂት ልቆይ፤ ከታሪኩ ጋር የተያያዘ ነውና። ቪታሚን ቢ 12 በአንጀት እንዲወሰድ ጨጓራ የሚያመነጨው አንድ ልዩ ነገር ያስፈልገዋል፤ ምግብ በአብዛኛው ጨጓራ ካላለፈ ይህ ይጎድላል። ነገር ግን ጉበት ለብዙ ዓመት የሚበቃ ቢ 12 ስለሚያከማች ጉድለቱ ቶሎ አይታይም። ቪታሚን ቢ 1 ግን በሰውነት የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እያስመለሰው የሚቀጥል ሰው ፈጥኖ ካልተሰጠው አንጎሉና ነርቩ ይጎዳል። እንግዲህ አንዱ አደጋ በሳምንት፥ ሌላው በዓመታት የሚቆጠር ነው፤ ለስድስት ወር ብቻ የሚጠብቅ ሐኪም ሁለተኛውን አያገኘውም።

በአሜሪካም ሆነ በሌላ አገር ይህን ሕክምና ለሚያደርጉ ወገኖቻችን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የውጭ አገር የምግብ ዝርዝር ስለ እንጀራ አያውቅም። ከስኒ ባነሰ ኪስ ውስጥ እንጀራው ከገባ ለወጡ ቦታ አይቀርም፤ ፕሮቲኑ ያለው ግን በወጡ ነው። በጾም ወራት ሥጋ፥ ወተትና እንቁላል ሲቀሩ ሽሮ፥ ምስርና ባቄላ ከእንጀራው መቅደም አለባቸው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ጉርሻው ይመስለኛል። በአንድ ገበታ ዙሪያ ሦስት ጊዜ ጎርሶ እጁን የሚሰበስብ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል ይባላል፤ «በሞቴ» እየተባለ የሚቀርብለትን ጉርሻ እንዴት እንደሚመልስ የሚያስተምረው ሐኪም የለም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1991 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ለዚህ ሕክምና መመሪያ አወጡ፤ ክብደቱ በኪሎ፥ በቁመቱ በሜትር ካሬ ሲካፈል 40፥ ወይም ከውፍረት የመጣ ከባድ ሕመም ካለ 35 የሚደርስ ሰው ይታከም የሚል ነበር። በ2022 የሐኪሞቹ ማኅበራት ይህን ልክ ዝቅ አድርገውታል። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክርነት ግን በ1987 በስዊድን ከተጀመረው ጥናት የመጣው ነው፤ 2,010 ኦፕራሲዮን የሆኑ ሰዎች 2,037 በተለመደው መንገድ ከታከሙ ወፍራም ሰዎች ጋር እየተነጻጸሩ ለብዙ ዓመታት ተጠበቁ። ክብደት እጅግ የሚቀንሰው በመጀመሪያው አንድና ሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ከፊሉ ይመለሳል። በአሥረኛው ዓመት የጨጓራው መንገድ የተለወጠላቸው ከመጀመሪያ ክብደታቸው 25 በመቶ፥ ጨጓራቸው በቀለበት የታሠረላቸው ደግሞ 14 በመቶ ቀንሰው ተገኙ። በ2020 የታተመው ሪፖርት፥ ኦፕራሲዮን የሆኑት ካልሆኑት ሦስት ዓመት ያህል እንደሚበልጥ ዕድሜ፥ ከተራው ሕዝብ ግን አምስት ዓመት ተኩል እንደሚያንስ ገለጸ። ሁለቱም ቁጥሮች አብረው መነገር አለባቸው፤ ለማስታወቂያ የሚመረጠው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

አልኮልም በዚሁ ክትትል የተገለጠ ነገር ነው። የጨጓራው መንገድ ከተለወጠ በኋላ መጠጥ ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ ትንሹ ብዙ ይሆናል። በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የመጠጥ ሱስ ችግርን ከኦፕራሲዮኑ በፊትና በኋላ ቆጥሮ ነበር። በአንደኛው ዓመት የጨመረ ነገር አልተገኘም፤ የጨመረው በሁለተኛው ዓመት ነው። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ መዝገቡን የዘጋ ሐኪም ቢሆን ኖሮ በሽተኞቹ ደኅና ናቸው ብሎ በጻፈ ነበር።