በሰውነታችን ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ማዕድናትና የወንድ የመውለድ ችሎታ

በአብያተ ክርስቲያናችን ልጅ ያላገኙ ባልና ሚስት ሲኖሩ፣ ሐሜቱም ምርመራውም አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በእህቶች ላይ ነው። ሐኪሞች እንደሚናገሩት ግን መውለድ ካልቻሉት ባለትዳሮች በግማሽ ያህሉ ዘንድ የወንዱም ድርሻ አለበት። ከምክንያቶቹም ብዙ የማይወራለት በሰውነት ውስጥ በጥቂቱ የሚገኙ ማዕድናት ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ የሚነሣው ዚንክ ነው። የወንድ የዘር ፈሳሽ ከደም ይልቅ እጅግ ብዙ ዚንክ የያዘ ሲሆን፣ ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድነት ሆርሞንም በበቂ መጠን እንዲመረት ዚንክ ያስፈልጋል። ዶክተር አናንዳ ፕራሳድ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢራንና በግብፅ ባደረጉት ጥናት፣ ቁመታቸው የቀጨጨና የጉርምስና ምልክት ያላሳዩ ወጣቶችን አግኝተው ነበር። የእነዚህ ሰዎች ዋና ምግብ ያልቦካ ቂጣ ነበረ። በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ዚንክን አስሮ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ዚንክ ሲሰጣቸው ቁመታቸው ጨመረ፤ የወንድነት ምልክታቸውም ታየ። (ሊጥ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳልና፣ እንጀራ የሚያቦኩ እናቶቻችን ሳያውቁት ባለውለታዎቻችን ናቸው።) ዚንክ በሥጋ፣ በጉበት፣ በእንቁላልና በጥራጥሬ ይገኛል።

ሴሌኒየም ደግሞ የዘሩን ራስና ጭራ የሚያያይዘውን ክፍል ለመገንባት ያገለግላል።

ጎጂ ከሆኑት መካከል እርሳስና ካድሚየም ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 በሩማንያ በባትሪ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የወጣ ጥናት፣ እርሳስ በሰውነታቸው የበዛባቸው ወንዶች የዘር ቁጥራቸውና እንቅስቃሴው እንደቀነሰ አሳይቷል። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን በዓለም ላይ መሸጡ ያበቃው በ2021 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ያረጁ ባትሪዎችን ያለ መከላከያ የሚፈታ ወንድም ግን ዛሬም አደጋ ላይ ነው። እርሳስ በአጥንት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል፤ አቧራውም በልብስ ላይ ሆኖ ቤት ድረስ ይገባል። ካድሚየም ወደ አጫሽ ሰው የሚደርሰው በሲጋራ ጭስ ነው።

እንግዲያውስ ዚንክ ገዝቶ መዋጥ ይበቃል ወይ? እንደ እኔ አስተያየት ገንዘብ ማባከን ነው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ 2,370 ባለትዳሮች በተሳተፉበት ጥናት፣ ወንዶቹ በቀን 30 ሚሊ ግራም ዚንክ ከፎሊክ አሲድ ጋር ለስድስት ወር ቢወስዱም፣ ልጅ የወለዱት 34 ከመቶ ሲሆኑ፣ ባዶ እንክብል ከተሰጣቸው ወገን 35 ከመቶ ወልደዋል። ከመጠን ያለፈ ዚንክ መዳብ ወደ ሰውነት እንዳይገባም ይከለክላል። እጥረት መኖሩን ሐኪም ካረጋገጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ስለዚህ ሚስት ብቻዋን ወደ ሐኪም አትሂድ፤ ባልም አብሯት ሄዶ የዘር ምርመራ ያድርግ፤ ሥራው ከብረት ጋር የሚያነካካው ከሆነም ለሐኪሙ ይንገር። ዘሩ ተመርቶ እስኪበስል ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚወስድ፣ ሲጋራ ያቆመ ወይም ሥራውን የቀየረ ሰው ለውጡን ለማየት ምርመራውን ከሦስት ወር በኋላ ይድገም።